እንዶድ፣ ጤፍ፣ ድንቅነሽ፦ የተዘጋ እውቀትና የተከፈተ እውቀት



ከሐኑካ በኋላ አንድ ምሽት ፔታህ ቲክቫ በሚገኘው የማኅበራችን ክፍል ጥቂት እናቶችን ጋብዘን ነበር። ሐሳባችን ቀላል ነበር፤ በሀገር ቤት ይሠራ የነበረውን የቤት ሙያ ከእነሱ አንደበት ሰምተን ለዚህ መጽሔት ልንጽፍ ነው። ስለ ጠላ፣ ስለ ሸክላ፣ ስለ ስፌት አወሩን። ወደ ልብስ አጠባ ስንደርስ አንዲት የጎንደር እናት ሣቁና «እናንተ ሳሙና ከሱቅ ነው የምታውቁት፤ የእኛ ሳሙና ቁጥቋጦ ላይ ነበር የሚበቅለው» አሉን።

እንዶድን ማለታቸው ነው። ፍሬው ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ከዚያ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ጋቢና ቀሚስ በእሱ ታጥቦ ወንዝ ዳር ሣር ላይ ሲሰጣ ዓይን ያጥበረብራል አሉ። እኛ ዝም ብለን አዳመጥን። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን እንዶድ የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት የሰማን ከሁለት አንበልጥም።

አንዱ ጓደኛችን እዚያው ተቀምጦ ቃሉን ስልኩ ላይ ፈለገና «ይሄ ነገር እኮ ትልቅ ታሪክ አለው!» አለ። እሱ የጀመረውን ቤታችን ሄደን ማንበብ ቀጠልን። ንባቡ ከእንዶድ ወደ ጤፍ፣ ከጤፍ ወደ ድንቅነሽ፣ ከዚያም ወደ ራሳችን ደጅ አመጣን። የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰው በምርምር ያገኘውን መረጃ ሲከፍተው ምን ይሆናል? ሲዘጋውስ? (ዓመታቱ ሁሉ እዚህ በምንጠቀምበት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከዓድዋ ወንዝ ዳር

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ገና ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። ጅጅጋ ተወልደው፣ አሜሪካ ተምረው፣ በዚያው ዓመት አካባቢ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው ነው የተመለሱት። ዓድዋ የሄዱት ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ሊያጠኑ ነበር።

ቢልሃርዚያ እንዲህ ነው የሚዞረው። የበሽተኛው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ወንዝ ሲገባ የትሉ እንቁላል ውሃው ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነፍሳት ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባበታል፣ እዚያው ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ ወንዝ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሕፃናት ሲዋኙ ይይዛቸዋል፣ እናቶች ልብስ ሲያጥቡ ይይዛቸዋል። በሽተኛውን ብታክመው ነገ ተመልሶ ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ ሰንሰለቱን ለመቁረጥ አንዱ መንገድ ቀንድ አውጣውን መግደል ነው። በጊዜው ለዚህ የሚውለው ኬሚካል ከውጭ የሚገዛና በጣም ውድ ነበር።

አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲሄዱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ፣ ከእነሱ በታች ባለው ውሃ፣ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ሌላው ቦታ ላይ ያሉት ደህና ናቸው። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ አደረጉና አንዲቷን ሴት ከአረፋው ጨምሪበት አሏት። ጨመረችበት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ያዩትን ይዘው ዝም አላሉም። በ1965 የመጀመሪያውን ሪፖርት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። በ1966 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን አቋቋሙ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ እዚያው ዓድዋ ላይ ወንዞቹን በእንዶድ እያከሙ ውጤቱን ለኩ። ከአምስት ዓመት በኋላ በትንንሽ ሕፃናት ላይ ይታይ የነበረው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ጓደኛቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ አወዳድረው፣ ቁጥር 44 የተባለውን ዓይነት ለብርታቱ መረጡ።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። ግን አላለቀም።

የዓለም የጤና ድርጅቶችና ገንዘብ ሰጪዎች እንዶድን ወዲያው አልተቀበሉትም። ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት የለውም ወይ? ምርመራው በታወቀ ቤተ ሙከራ ተደርጓል ወይ? እያሉ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ነገር ግን አፍሪካ ውስጥ የተሠራው ሥራ እንደ ሥራ አይቆጠርም ነበር፤ አክሊሉ በዚህ ብዙ ያማርሩ ነበር። የጉዳት ምርመራው በካናዳ ተመራማሪዎች ተሳትፎ እንደገና ተሠርቶ እስኪያልቅ 1990 አካባቢ ሆነ። ከዓድዋ ወንዝ ዳር እስከዚያ ድረስ ወደ 25 ዓመት ይጠጋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሕፃናቱ ወንዝ ይወርዱ ነበር።

እኛ ይህን ስናነብ አንድ ነገር አሰብን። በዚያ ዘመን የምርምር መረጃ በወረቀት ተጽፎ ቁምሳጥን ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ስንት ሕፃን ተመረመረ፣ ምን ያህል እንዶድ ወንዝ ውስጥ ገባ፣ የትኛው ዓይነት፣ በየትኛው ወር፣ ይህን ሁሉ ሌላ አገር ያለ ሰው ለማየት ደብዳቤ ጽፎ፣ ጠብቆ፣ ለምኖ ነው። ያላየውን ደግሞ ሰው ይጠራጠራል። ዛሬ ቢሆን ሙሉ ሰንጠረዡ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይቀመጥና «አላምንም» ያለ ሰው ቁጥሩን ራሱ ይቆጥር ነበር። የአፍሪካ ሰው ሥራ በሰውየው ፓስፖርት ሳይሆን በቁጥሩ ይመዘን ነበር።

ሌላም ነገር ተከተለ። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ ማስል የተባለ ትንሽ ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ ተራብቶ የውሃ ቧንቧዎችን ይዘጋ ነበር። እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል ኦሃዮ በሚገኘው በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተረጋገጠ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ለዚህ አጠቃቀም ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አወጣ። አክሊሉ ራሳቸው ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል፤ የመብቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ነበር። እንዶዱን ለብዙ መቶ ዓመታት ያወቁት፣ የተከሉት፣ የወቀጡት ሰዎች በዚያ ወረቀት ላይ የሉም። ክርክሩ በዓለም ዙሪያ ተሰማ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለዚህ ነው።

አክሊሉና ለገሰ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ሽልማቱን ከተቀበሉት መካከል ሌላ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ ዶክተር መላኩ ወረደ። እሳቸው የአዲስ አበባውን የዘር ባንክ የመሩ ሰው ናቸው፤ በ1976 የተቋቋመውን፣ የገበሬውን ዘር ከነትውልድ ቦታው መዝግቦ የሚያስቀምጠውን። አክሊሉ ለማ በ1997 አረፉ።

ጤፋችን ፍርድ ቤት ገባ

እንዶዱን ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ ጤፍን ግን የማያውቅ ማን አለ? ዐርብ ዐርብ እናቶቻችን የሚያወጡት እንጀራ ነው።

በ2003 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት ጠየቀና አገኘ። በ2005 ከኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ጋር ውል ተዋውሎ ነበር፤ ዘር ይወስዳል፣ ጥቅም ያካፍላል የሚል። በ2007 ፓተንቱ በአውሮፓ ደረጃ ጸደቀ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፣ ኢትዮጵያም ተስፋ ካደረገችው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አላገኘችም። ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቀጠለ።

የተገላገልነው እንዴት ነው? ባለ ፓተንቱ ሌላ የሆላንድ ድርጅትን «ያለ ፈቃዴ በጤፍ ትሠራለህ» ብሎ ሲከስ፣ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 መጨረሻ ፓተንቱ ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ። ምክንያቱ፣ የተባለው ነገር የፈጠራ እርምጃ የለውም፣ በሙያው ላይ ላለ ሰው ቀድሞም የሚታወቅ ነው የሚል ነበር። ወሬው በ2019 መጀመሪያ ለኢትዮጵያውያን ሲደርስ ትልቅ ደስታ ሆነ።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለ። በፓተንት ሕግ አስቀድሞ በአደባባይ የታወቀና የተጻፈ ነገር የማንም አዲስ ፈጠራ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ እውቀትን መክፈት ለሌባ በር መክፈት ይመስላል፤ ግን ብዙ ጊዜ በሩን የሚዘጋው እሱ ነው። ያልተጻፈውን፣ ማን እንዳወቀው ያልተመዘገበውን ነው ሌላው ሰው «እኔ አገኘሁት» የሚለው። በሀገር ቤት መድኃኒት አዋቂ ሚስጥሩን ለልጁ እንኳ ሳይነግር ሲሞት እውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ወይ ይቀበራል፣ ወይ በሌላ ስም ይነሣል።

እርግጥ መክፈት ብቻውን አይበቃም። ስምና ድርሻም አብሮ መጻፍ አለበት። በ2010 በጃፓን ናጎያ ከተማ የጸደቀው የናጎያ ፕሮቶኮል የአንድን አገር ዕፅዋትና የሕዝቡን እውቀት የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን እንዲያካፍል የሚለው ለዚህ ነው።

ድንቅነሽ በኮምፒውተር

አሁን ደስ ወደሚለው ክፍል እንሂድ።

ድንቅነሽ ወይም ሉሲ በኅዳር 1974 በአፋር፣ ሐዳር በሚባል ቦታ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህል ተገኝቷል። አጥንቷ አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃል። እንዲህ ያለውን አጥንት ማንም ተነሥቶ አይነካውም፤ ልክም ነው። ግን ከዚህ የተነሣ ለብዙ ዓመታት የሰው ዘር ጥናት በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። ለምሳሌ ከድንቅነሽ በጣም የምትበልጠው አርዲ በ1994 በአፋር ተገኝታ ሙሉው ጥናት የታተመው በ2009 ነው። አጥንቱ ተሰባብሮ ስለነበረ ሥራው በእውነት አድካሚ ነበር፤ ሆኖም ሌሎቹ ተመራማሪዎች 15 ዓመት ውጭ ቆመው ጠበቁ።

በ2008 ድንቅነሽ አሜሪካ ለኤግዚቢሽን በሄደችበት ጊዜ በቴክሳስ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ተነሣች፤ ከ35,000 በላይ ምስሎች ተገኙ። በ2016 ጆን ካፕልማን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በዚያ ምስል ተመርኩዘው «ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው» የሚል ጥናት አሳተሙ። ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ በተገኘ ፈቃድ የትከሻዋና የጉልበቷ አጥንት ባለ ሦስት አቅጣጫ ፋይል ለሁሉም ተለቀቀ። ኮምፒውተርና ማተሚያ ያለው ማንኛውም ትምህርት ቤት አውርዶ፣ አትሞ፣ በእጁ ይዞ ማየት ይችላል።

ከዚያስ? ክርክር ተነሣ። ድንቅነሽን ያገኟት ዶናልድ ጆሃንሰን ራሳቸው፣ እንዲሁም ቲም ዋይት አልተስማሙም። አጥንቱ የተሰነጠቀው ከሞተች በኋላ መሬት ውስጥ በቆየችበት ዘመን ነው አሉ። ማን ልክ እንደሆነ እኛ አንፈርድም። የሚገርመው ክርክሩ ራሱ ነው፤ ጥናቱን ያሳተመው ሰው «እመኑኝ» ሳይል «ይኸው እዩት» አለ። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ፣ ፔታህ ቲክቫ ያለ የባግሩት ተማሪ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት አጥንት ይዘው ሊከራከሩ ይችላሉ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ!

ሌላም ምሳሌ ሁላችንም ኖረንበታል። በጥር 2020 የቻይናው ሳይንቲስት ዣንግ ዮንግዠን የአዲሱን ኮሮና ቫይረስ የዘር ቅደም ተከተል ከአውስትራሊያ በሚሠሩ ባልደረባቸው በኩል ለዓለም ለቀቁት። በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች በዚያው ሳምንት ክትባት መንደፍ ጀመሩ። በታኅሣሥ 2020 እስራኤል መከተብ ስትጀምር አያቶቻችን እጃቸውን ጠቅልለው ወረፋ ሲይዙ እናስታውሳለን። ያ መረጃ ለአንድ ወር ተቆልፎ ቢቀመጥ ኖሮ ያ ወረፋም ይዘገይ ነበር።

የእኛ ደም

ይህን ሁሉ ስናወራ አንድ አባት ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «መረጃ ስጡ፣ ደም ስጡ ማለት ለእናንተ ቀላል ነው» አሉን። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

በጥር 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ አንድ ነገር ገለጠ። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የሚሰጡት ደም በኤች አይ ቪ ፍርሃት ምክንያት ለዓመታት ሳይነገራቸው ይጣል ነበር። ደሙን ይቀበላሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ከዚያ ይጥሉታል። በጥር 28 ቀን ብዙ ሺህ የማኅበረሰባችን ሰዎች ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ተሰበሰቡ፤ ሰልፉ በግጭት ተጠናቀቀ፣ ሰው ቆሰለ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። እኛ ያን ጊዜ አልተወለድንም። ወላጆቻችን ግን ወጣቶች ነበሩ፣ አንዳንዶቹም ወታደሮች።

ያ ሁሉ ቁስል ከምን መጣ? የበሽታ ስጋት ካለ በአደባባይ ተናግሮ፣ ቁጥሩን አሳይቶ፣ እያንዳንዱን ደም መርምሮ መወሰን ይቻላል። የተመረጠው መደበቅ ነበር። መረጃውን የያዘው አንድ ወገን፣ መረጃው የሚመለከተው ሌላ ወገን፣ በመካከላቸው ዝምታ። እንግዲህ ወላጆቻችን ዛሬ ለጥናት ደም ስጡ ሲባሉ ቢያመነቱ አይፈረድባቸውም።

ሆኖም በሩን ዘግተን ብንቀመጥስ? በዓለም ላይ ባሉት ትልልቅ የዘር መረጃ ክምችቶች ውስጥ የሚበዛው አውሮፓዊ ዝርያ ያለው ሰው ነው። መድኃኒትና ምርመራ ደግሞ በእነዚህ መረጃዎች ላይ ተመሥርቶ ይዘጋጃል። የእኛ መረጃ ከሌለ የአያቶቻችን በሽታ ሲመጣ ሐኪሙ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው የሚያለብሰን። ስለዚህ ጥያቄያችን «እንስጥ ወይስ እንከልክል» መሆኑ ቀርቶ «በምን ሁኔታ እንስጥ» ይሁን እንላለን።

ሕጉም ያግዘናል። እስራኤል ውስጥ በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ የሄልሲንኪ ኮሚቴ ፈቃድ ይፈልጋል። ስሙ የመጣው በ1964 ከወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ ነው፤ አክሊሉ ዓድዋ ወንዝ ዳር በቆሙበት ዓመት መሆኑ ነው። እና አንድ ቀን ኩፓት ሆሊም ወይም ሆስፒታል ውስጥ የጥናት ወረቀት ሲሰጣችሁ፣ ወላጆቻችን፣ እባካችሁ ሳትፈርሙ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ስሜ ከመረጃው ይወጣል? መረጃውን ማን ያስቀምጠዋል፣ ለማን ይከፈታል? ውጤቱ በሚገባኝ ቋንቋ ተመልሶ ይነገረኛል? ሐሳቤን ብቀይር መውጣት እችላለሁ? መልሱ ካልገባችሁ ልጆቻችሁን ጥሩ። ሁለት ቋንቋ ያስተማራችሁን ለዚህም ጭምር ነው።

የአንድ ሰው ስምና የሕመም ታሪክ የራሱ ሚስጥር ነው፤ እሱ ይጠበቅ። የብዙ ሰው መረጃ ስም ሳይኖረው አንድ ላይ ሲሆን ግን የሁላችን ሀብት ነው። ይሄ ተከፍቶ ይቀመጥ፣ ይመርመር፣ ስህተት ካለው በአደባባይ ይታረም። ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ የ1996ቱ ነገር ለዓመታት ተደብቆ አይቆይም ነበር።

ማስታወሻ ደብተሩ

ይህን ጽሑፍ ከጨረስን በኋላ ለእንዶዷ እናት አነበብንላቸው። ስለ አክሊሉ ሲሰሙ ደስ አላቸው፣ «ጎበዝ ልጅ» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ሴትዮዋንስ ማን ብሎ ጻፋት?» ብለው ጠየቁ።

«የትኛዋን?»

«አረፋውን የጨመረችለትን።»

መልስ አልነበረንም። ባነበብነው ሁሉ ስሟ የለም። «ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች» ነው የሚለው።

ስለዚህ በማኅበራችን አንድ ደብተር ከፍተናል። ከወላጅ፣ ከአያት የሰማነውን እውቀት እንጽፍበታለን፤ የተክሉን ስም፣ የሚበቅልበትን ቦታ፣ አዘገጃጀቱን፣ በመጀመሪያው መሥመር ደግሞ የነገረንን ሰው ስም፣ እሱ ወይም እሷ ከፈቀዱ። በሐኪም ምርመራ ያልተረጋገጠውንም «ያልተመረመረ» ብለን እናሰፍራለን፤ ማንም አንብቦ በራሱ ላይ እንዳይሞክር። ደብተሩ ሰኞና ረቡዕ ማታ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማንም መጥቶ ማንበብ፣ መቅዳት፣ «ይሄማ ተሳስቷል» ብሎ ማረም ይችላል። የመጀመሪያው ገጽ ስለ እንዶድ ነው። የእናታችን ስም ከላይ ተጽፏል፣ እሳቸውም ራሳቸው ፈርመውበታል። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው፤ እናታችሁን ይዛችሁ ኑ።